አንዴ ብቻ የተሰጠ ጉትቻ

እማዬ ስትቆነጥጥ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። ከእንግዳ ጋር እየሳቀች፣ "ልጆቹስ እንዴት ናቸው?" እያለች፣ ከጠረጴዛው ሥር ጭኔን ይዛ ታዞረዋለች። እኔ ደግሞ መጮህ አልችልም፤ ብጮህ ቤት ስንገባ ሌላ አለ።

ለቁንጥጫ የሚያበቁ ጥፋቶች ብዙ ናቸው። ትልቁ ግን ሰው ቤት ተሂዶ ሲሰጡ ወዲያው መቀበል ነው። ሕጉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሲሉሽ "አይ፣ ጠግቤያለሁ" ትያለሽ፣ ሆድሽ እየጮኸ። እንደገና ሲሉሽ "ኧረ በእውነት፣ አሁን በልቼ ነው የመጣሁት" ትያለሽ። ለሦስተኛ ጊዜ "በሞቴ!" ሲሉሽ፣ ተገድዶ እንደሚፈርም ሰው ተንፍሰሽ ትቀበያለሽ። ባለፈው ፋሲካ ኦቴሎ የሚባለው ሰፈር ጋሽ አሰፋ ቤት ኬክ ሲሰጡኝ በመጀመሪያው "እሺ" አልኩ። ጭኔ ላይ የቀረው ምልክት ቀለሙ ወይን ጠጅ ነበር። "ቤቴ ምግብ የሌለ አስመሰልሽብኝ" አለችኝ እማዬ።

ይሄን ሕግ ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

እማዬ፣ አዳነች ማለት ነው፣ የምትሠራው ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል የሚባለው ሰፈር፣ ከቤታችን በእግር የሚደረስ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው። ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታጎርሳለች፣ ሲከፋቸው አጠገባቸው ቁጭ ትላለች። ሁሉም ይወዷታል፤ ከሁሉም አብልጠው ደግሞ እማማ ሎሬን። እማማ ሎሬን ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ከነበሩት፣ ኔቲቭ ከሚባሉት ሰዎች ናቸው፤ ወገናቸው ከሲያትል በስተ ሰሜን ባሕሩ ዳር ነው። ቢንጎ ሲሸነፉ ቁጥር የሚጠራውን ሰውዬ ይሳደባሉ። የከተማችን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ሲሆክስ ሲጫወት ዳኛው ካናደዳቸው ቴሌቪዥኑ ላይ ነጠላ ጫማ ይወረውራሉ፤ ጫማውን አንስታ የምትመልስላቸው እማዬ ነበረች። እሷ "እማማ" ስለምትላቸው እኔም እማማ ነው የምላቸው።

ሶ፣ ሲሆክስ ዋንጫ በበላበት ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ እማማ ሎሬን ድንገት እማዬን ዘጓት። "ደህና አደሩ?" ስትላቸው ግድግዳ ያያሉ። ሹራባቸውን ልታለብሳቸው ስትጠጋ "ሌላ ሰው ጥሪልኝ" ይላሉ። በመጨረሻ ዎከራቸውን፣ ተደግፈው የሚሄዱበትን ብረት፣ እየገፉ ኃላፊው ኬቨን ቢሮ ገቡና፣ "ያቺ ሴትዮ ለእኔም ለወገኔም ክብር የላትም። ሁለተኛ ክፍሌ እንዳትገባ" አሉት።

ኬቨን ክፉ ሰው አይደለም። ቶሎ ይደነግጣል እንጂ። ደንግጦ ለሠራተኛው ሁሉ ሥልጠና ጠራ፤ ከነባሩ ሕዝብ ጋር በመከባበር ስለ መሥራት፣ ስለ እርቅ፣ እንደዚህ ዓይነት ነገር። እማዬን ደግሞ ለብቻዋ ጠርቶ፣ ከሥልጠናው በኋላም እማማ ሎሬን አልፈልጋትም ካሉ ወደ ሌክ ሲቲው ቤት እንደሚያዛውራት ነገራት። የማታ ፈረቃ።

ሌክ ሲቲ ማለት ባቡር፣ ከዚያ ደግሞ አውቶቡስ ነው። የማታ ፈረቃ ማለት እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ወጥታለች፣ እሷ ስትመለስ እኔ ተኝቻለሁ። ቤታችን ውስጥ ያለነው ደግሞ እኔና እሷ ብቻ ነን።

"የምንተያየው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ማለት ነው" አልኳት።

"እዛም አንቺ የምታዪው ስልክሽን ነው" አለችኝ። ቀልድ ነበር፤ ድምጿ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ወደ ምድጃው ዞራ ያልፈላ ውሃ ማማሰል ጀመረች።

ምን እንዳጠፋች ለራሷም አይገባትም። "ስልክ ላይ ስለምጮህ ይሆን?" ትላለች። ጥርሷን እየቦረሸች መጥታ "የምሳዬ ሽታ ይሆን እንዴ?" ትላለች። እኔ ልተኛ ስል ደግሞ በሩን ከፍታ፣ "እሳቸው ፊት እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ ይሆን?" አንድ ነገር ግን አልነገረችኝም። ደብቃኝ አይደለም፤ ያ ነገር ጥፋት ሊባል እንደሚችል በሐሳቧም አልመጣም።

ሥልጠናው ቅዳሜ ነበር። ቤተሰብ ይዞ መምጣት ይቻላል፣ ምሳም አለ ተባለ። "እንግሊዝኛዬ ደህና ነው፤ ሲፈጥኑ ብቻ ነው የሚያመልጠኝ" ብላ እማዬ ለአስተርጓሚነት ወሰደችኝ። እኔ የሄድኩት ለምሳው ነው።

መንገድ ላይ፣ "ልዕልት፣ ሲሰጡሽ ዝም ብለሽ እንዳትቀበዪ" አለችኝ።

"እማ፣ ቡፌ ነው። ቡፌ ማን ይለምነኛል?"

"እንዳትቀበዪ ብያለሁ።"

ወንበሮቹን ክብ አድርገዋቸዋል። አሠልጣኟ ዶና ትባላለች፤ እሷም ኔቲቭ ናት፣ ሽበቷን በረጅሙ ጎንጉና ጀርባዋ ላይ ለቃዋለች፣ ስትቀልድ ፊቷ አይስቅም። እማማ ሎሬን መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ውጭ ውጭውን ያያሉ። በመጀመሪያ ኬቨን ተነሳና የቆምንበት መሬት ዱዋሚሽ የሚባል ነባር ሕዝብ ርስት መሆኑን ከስልኩ ላይ አነበበ። ከጎናችን የአረጋውያኑ መኪና ሹፌር ጋሽ ኑሩ ነበር። ዝቅ ብሎ በአማርኛ፣ "ባለቤቶቹ ከታወቁ ታዲያ ኪራዩን ለምን ለሌላ ሰው እንከፍላለን?" አለን።

እጄን አወጣሁ። "ጋሽ ኑሩ ጥያቄ አለው" አልኩና ቃል በቃል ተረጎምኩት።

ኬቨን ቲማቲም መሰለ። ጋሽ ኑሩ ወንበሩ ሥር ሊገባ ምንም አልቀረው። "አንቺ ልጅ፣ እንጀራዬን ልትዘጊ ነው የመጣሽው?" አለኝ በጥርሱ። ዶና ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። "ይሄን ሥራ ከጀመርኩ ጀምሮ አንድ ሰው ይጠይቀኛል ብዬ የምጠብቀው እሱን ነበር" አለች። መልሱንም ተናገረች፤ ውል ተፈርሞ እንዴት እንደተበላ፣ የከተማው ስም የመጣው ከሕዝቡ አለቃ ስም ሆኖ ሳለ ሕዝቡ ራሱ ከከተማው እንዴት እንደተገፋ። ጋሽ ኑሩ ከዚያ በኋላ ደረቱን ነፍቶ ተቀመጠ።

ቀጥሎ መተዋወቅ መጣ። "ስማችሁን ብቻ አይደለም" አለች ዶና፤ "የማን ልጆች እንደሆናችሁም ንገሩን።" አንዱ ተነስቶ ስሙንና የውሻውን ስም ተናገረ። አንዷ ከኦሃዮ መምጣቷን ተናገረች። እማዬ ተነሳች። ነጠላ እንደለበሰች ሁሉ ትከሻዋን አስተካከለችና ጀመረች፤ አባቷን፣ የአባቷን አባት፣ የእሱን አባት፣ እየወጣች ወደ ላይ። እኔ ከኋላዋ እየተከተልኩ እተረጉማለሁ። መሃል ላይ ሰለቸኝና አንዱን ዘለልኩ። እማዬ ቆም አለች።

"አባባ መንግሥቴን ምን አደረግሻቸው?"

"እማ፣ ሞተዋል እኮ።"

"ሁሉም ሞተዋል! መልሺያቸው።"

መለስኳቸው። እማማ ሎሬን ከመስኮቱ ዞር ሲሉ ያየኋቸው ያኔ ነው። ተራቸው ሲደርስ እሳቸውም እናታቸውን፣ አያታቸውን፣ የአያታቸውን እናት ስም ጠሩ፤ ወንዛቸውንም ጠሩ። ከዚያ ማንንም ሳያዩ፣ "ውሻ የለኝም" አሉ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ቀልድ የለውም። ዶና በድሮ ጊዜ የኔቲቭ ልጆች ከየቤታቸው እየተወሰዱ ስለሚገቡባቸው አዳሪ ትምህርት ቤቶች ነገረችን። ፀጉራቸውን ይቆርጧቸዋል፤ በቋንቋቸው ሲናገሩ ይመቷቸዋል። እማዬ እጄን ጨብጣ፣ "እናቶቻቸውስ? እናቶቻቸው እንዴት እሺ አሉ?" በያት አለችኝ።

"እናቶቹን ማን ጠየቀ" አለች ዶና።

እማማ ሎሬን ከመስኮቱ ዳር ተናገሩ። "እኔ ገብቻለሁ። አያቴ ዶቃ መስፋት አስተምራኝ ነበር። እዚያ ሠርቼ ለመምህሯ ብሰጣት ዓይኔ እያየ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።" እኔም ይሄንን ስተረጉም ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልዘለልኩም።

ምሳ ሲደርስ ዶና፣ "ሽማግሌ ይቀድማል። የሚያቀርበውም ወጣት ነው" አለች። ዞር ብዬ ሳይ ክፍሉ ውስጥ ወጣት የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሳልመን ዓሣና የድንች ሰላጣ በሳህን ይዤ እማማ ሎሬን ጋ ሄድኩ። ሳህኑን ጭናቸው ላይ ሳስቀምጥ ዎከራቸው እጀታ ላይ የተንጠለጠለ ነገር አየሁ። ጉትቻ ነው። ሰማያዊና አረንጓዴ፣ የሲሆክስ ቀለም፣ እንደ ጤፍ በደቀቀ ዶቃ የተሠራ፣ ነካ ሲያደርጉት እንደ ውሃ የሚንቀሳቀስ።

"ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ! እንዴት ነው የሚያምረው!"

"ፈላጊ የለውም" አሉ።

"እኔ አለሁ።"

አዩኝ። "ትወስጂዋለሽ?"

"አዎ!"

አፌ ነው የቀደመኝ። እውነቱን ለመናገር ጆሮዬም ቀድሞኛል፤ እሳቸው እጃቸውን ሳይመልሱ የራሴን አውልቄ ያንን አድርጌ ነበር። እማማ ሎሬን ፈገግ አሉ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

በዚህ መሃል እማዬ ጭማቂ ይዛላቸው መጣች፣ ይቀበሉኝ ይሆን በሚል ፊት። መጀመሪያ ያየችው ጆሮዬን ነው፤ ቀጥሎ ባዶውን ዎከር። "ሶሪ፣ ሶሪ ማማ" እያለች እየሳቀችላቸው፣ በሌላ እጇ ከክርኔ በላይ ያለችውን ሥጋ ያዘች። አዞረች።

እኔም አሰብኩ። ሰው ሞልቷል። ኃላፊዋ አለ። ስለ መከባበር እየሠለጠኑ ነው። እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ አይገኝም።

"ኡኡኡ!" አልኩ።

ሹካ ሁሉ አየር ላይ ቆመ።

"ልጅቷን ለምን ቆነጠጥሻት?" አሉ እማማ ሎሬን። እማዬን ካናገሯት ሳምንታት አልፈዋል።

"እኔ ልንገርዎት" አልኩ ክንዴን እያሸሁ። "ወዲያው ስለተቀበልኩ ነው።"

"ስጦታ በመቀበልሽ ትቆነጠጫለሽ?"

"በመቀበሌ አይደለም፤ በመጀመሪያው በመቀበሌ ነው። እኛ ጋ መጀመሪያ አይ ነው። ቀጥሎም አይ ነው። ሦስተኛው ላይ ነው እሺ የሚባለው።"

እማማ ሎሬን ሹካቸውን አስቀመጡ። "እና አይ ያለ ሰው ይፈልጋል ማለት ነው?"

"በጣም! እስቲ ለምኑኝ ማለቱ ነው።"

እማዬን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ጆሮሽ ላይ ያለውን የሠራሁት ለእናትሽ ነበር።"

"እማ!" ጮህኩ በአማርኛ። "ጉትቻ ሰጥተውሽ እንቢ አልሽ?"

"እንቢ አላልኩም!" አለች እማዬ። "ኧረ አይሆንም፣ ምን አስቸገረዎት ነው ያልኩት!"

"በእንግሊዝኛ ምን አልሽ?"

"ምን እላለሁ? ኖ ኖ ኖ አልኩ።"

"እጅሽንስ?"

እጆቿን ሁለቱንም ወደ ፊት ገፋ አድርጋ አሳየችኝ። ግድግዳ የሚገፋ ሰው ነው የሚመስለው።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ቆሜ ጠበቅኋቸው! አንዴ እንኳ አልደገሙልኝም። ወስደው ዎከራቸው ላይ ሰቀሉት። በየቀኑ ዓይኔ ሥር እያመላለሱ አሳዩኝ። ከልባቸው ቢሆን ይለምኑኝ አልነበር? እኔም እኮ ከፍቶኛል፣ ስለማልናገር ነው።" ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ይሄን ሁሉ ተረጎምኩ፤ ግድግዳ መግፋቱንም ጭምር። እማማ ሎሬን አላቋረጡኝም። ስጨርስ ጣቶቻቸውን አነሱ፤ መገጣጠሚያቸው ያበጠ፣ የተጣመመ።

"በእኛ ቤት ሽማግሌ ሲሰጥ አንዴ ነው የሚሰጠው። መድገም ልመና ነው። ዓይኔ ዶቃውን አያየውም፤ እየዳበስኩ ነው የሠራሁት። ስትገፊው ያቺ መምህር ናት የመጣችብኝ።"

ቀስ ብዬ ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ጭማቂውን መሬት አስቀምጣ ጎንበስ አለች።

"ምን ጠፋባት?" አሉ እማማ ሎሬን።

"ጉልበትዎን ልትስም ነው። ይቅርታ ስትጠይቅ ነው።"

"ያኛው ጉልበቴ ብረት የገባበት ነው፣ ከሁለት አንዱን መሳም ካለባት በዚህኛው ትሂድ።"

እማዬ ትክክለኛውን ጉልበታቸውን ሳመች። እማማ ሎሬን ሹካቸውን አንስተው የድንች ሰላጣቸውን ቀጠሉ። ይቅር ብያለሁ አላሉም። አላልኩም አላሉም። ፊታቸውን ባየው ባየው ምንም የለም። እማዬ ጠጋ ብላ፣ "ምን የሚሉ ይመስልሻል?" አለችኝ። እኔም አላውቅም ነበር። ክንዴ ላይ ያለው ቁንጥጫ እንኳ ተረሳኝ።

ሥልጠናው አልቆ ሰው ወንበር ሲያነሳ ኬቨን ወደ እኛ መጣ። ዶና ካፖርቷን እየለበሰች አጠገባችን ነበረች። ኬቨን ሲፈራ እንደሚያደርገው አንገቱን አከከና፣ "ሎሬን፣ ዛሬ ከሆነው ሁሉ በኋላ፣ አዳነች ተመልሳ ብትረዳዎት ፈቃደኛ ነዎት?" አለ።

"አይ" አሉ እማማ ሎሬን።

እማዬ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። አልቅሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እሺ" አለ ኬቨን በጣም በአክብሮት፤ ቀኑን ሙሉ መከባበር ተምሮ የለ። "ውሳኔዎን አከብራለሁ። አዳነች፣ በጣም አዝናለሁ፣ ከሰኞ ጀምሮ እንግዲህ ሌክ ሲቲ..."

እኔ እማማ ሎሬንን እያየሁ ነበር። ጣሪያውን ያያሉ። ከንፈራቸውን ገጥመዋል። አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ናቸው። ይሄን ፊት አውቀዋለሁ! በየበዓሉ ሰው ቤት፣ ሳህን ፊቷ ሲመጣ፣ እማዬ ላይ የማየው ፊት ነው።

"ኬቨን! እንደገና ጠይቃቸው!"

"ልዕልት፣ አይ ብለዋል እኮ። ዛሬ የተማርነው ሰው አይ ሲል..."

"እንደገና!"

"ልጅቷን ስማት" አለች ዶና፣ የካፖርቷን ቁልፍ እየቆለፈች።

ኬቨን ግንባሩን አላበው። "ሎሬን... እርግጠኛ ነዎት? አዳነች በጣም ትወድዎታለች።"

"ኧረ በእውነት" አሉ እማማ ሎሬን ለጣሪያው። "ምን አስቸገራችሁ። ደህና ነኝ።"

ኬቨን ወደ እኔ ዞረ።

"አንድ ቀርቶሃል" አልኩት። "አሁን በሞቴ በላቸው።"

"ምን ማለት ነው?"

"እምቢ ካሉኝ ልሙት ማለት ነው።"

"ልዕልት፣ እዚህ ቤት ውስጥ እንደዚያ ብዬ መናገር አልችልም!"

እማዬ ግን ገብቷት ነበር። ሳልተረጉምላት። ቦርሳዋን ለእኔ ወርውራ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ በዚህ ጊዜ መዳፏን ወደ ላይ፣ እንደሚቀበል ሰው። "በሞቴ እማማ ሎሬን! እኔ አፈር ልብላ!" አለች በአማርኛ፣ ጮክ ብላ፣ ስልክ ላይ በምትጮኸው ድምፅ።

"ምን አለች?"

"እየለመነችዎት ነው።"

እማማ ሎሬን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ትከሻቸው ወደቀ። በሕይወቴ እንደዚያ ተገድዶ እሺ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጋሽ አሰፋ ቤት ቢያዩዋቸው ያጨበጭቡላቸው ነበር።

"ካስገደዳችሁኝማ እሺ" አሉ። "ማክሰኞ ቢንጎ አለ። እንዳታረፍድ በያት።" ከዚያ እማዬ ላይ ጣታቸውን ቀሰሩ። "በሚቀጥለው ስሰጣት ደግሞ አንዴ ነው የምሰጣት።"

ወደ ቤት ስንሄድ እያካፋ ነበር። እማዬ እየተራመደች ታንጎራጉራለች፤ እንደገና ጆሮዬን ሰረቅ አድርጋ ታያለች፤ እንደገና ታንጎራጉራለች። አሳዘነችኝ።

"እማ፣ ለአንቺ ነው እኮ የተሠራው" አልኩ። አንዱን አውልቄ መዳፌ ላይ ዘረጋሁላት። "እንቺ፣ ውሰጂው።"

"አይ" አለች። "አንቺ ላይ ነው የሚያምረው።"

"ኦኬ" አልኩና መልሼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት።

ባቡር ጣቢያውን አለፍን። መብራት ጋ ስንደርስ እማዬ ቆመች።

"እንዴ!"

"ምን ሆንሽ?"

"አትደግሚልኝም?"

"እማማ ሎሬን አንዴ ነው ብለዋል።"

እጇ ወደ ክንዴ ሲመጣ በጊዜ አየሁትና ሮጥኩ። በሥራ ጫማዋ፣ በዝናቡ፣ በቢከን አቬኑ ላይ ስሜን እየጠራች ተከተለችኝ፤ ሳቋ እያስቸገራት ደህና አድርጋ መሮጥ እንኳ አልቻለችም።